የያፌት ትርፍ ጊዜ

ድሬዳዋ ውስጥ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሳይረን ይነፋል። ሳይረኑ እንዳበቃ የየቤቱ በር ራሱን ይቆልፋል፣ የመስኮቱ ብረት መዝጊያ ይወርዳል፣ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አስፋልቱ ላይ ውሻ እንኳን አይታይም። ድሬ ድሮም ቀትር ላይ የምትተኛ ከተማ ናት። ያኔ ግን ሰው የሚተኛው ወዶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ ነበር። አሁን፣ በ2084 ዓ.ም.፣ ሙቀቱ አርባ ስምንት ዲግሪን ከረገጠ ወዲህ መተኛት ደንብ ሆኗል። ደንብ የሆነ እንቅልፍ ደግሞ እንደ ድሮው አይጣፍጥም።

ኤልዳና ክፍሉ ሳቢያን ሰፈር ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ ብቻዋን ትኖራለች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በባቡር ጣቢያው ድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት ስትጠራ ስለኖረች ከተማው ውስጥ ድምፅዋን የማያውቅ የለም። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳን ገበያ ገብታ የሽንኩርት ዋጋ ስትጠይቅ ሰው ደንግጦ ሻንጣውን ይፈልጋል እያሉ ይቀልዱባታል። ባሏ ያፌት ታምራት ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል።

ያፌትን የቀበረው የሰፈሩ እድር ነው። ድንኳኑን ተክሎ፣ ወንበሩን ደርድሮ፣ ሦስት ቀን አብሯት ተቀምጧል። የእድሩ ካርድ ግን ዛሬም በያፌት ስም ነው። በየወሩ ስብሰባ ላይ «ያፌት ታምራት» ተብሎ ሲጠራ «አለሁ» የምትለው ኤልዳና ናት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሟች ባሏ ስም የምትመልስ ሴት በየእድሩ ሞልታለች። ጎረቤቷ ፌቨን፣ የእድሩ ጸሐፊ የሆነችው፣ ስሙን ላዛውርልሽ ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃታለች። ኤልዳና ሁለቱንም ጊዜ ይቆይ አለች። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም። በዚህ ዓለም ላይ የያፌትን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ የቀረው እድሩ ብቻ ስለነበረ ነው።

ሙቀቱ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችን መልቀም ሲጀምር እድሩ አንድ ሥራ ጨመረ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእድሩ ዳኛ ባሮክ ሀብቴ ከቤቱ ሆኖ የመቶ አርባ ሁለቱን አባላት ስም በየቤቱ ግድግዳ በኩል ይጠራል። የተጠራው «አለሁ» ይላል። ከአባሉ ቤት ወደ ባሮክ የሚያስተላልፈው መስመር ክፍት የሚሆነው ስሙ ተጠርቶ መልሱ እስኪሰጥ ድረስ ብቻ ነው፤ መልሱ ሲገባ ይዘጋል። መልስ ከጠፋ አራት ጎረቤት ከሙቀቱ የሚከላከል የበረዶ ሰደርያ ለብሶ፣ ዲጂኖ ይዞ ይወጣል፤ በሩን ሰብሮ ይገባል። ሰባት ሰው በዚህ ተርፏል። ሰው ግን ሰው ነውና ብዙም ሳይቆይ ሰነፈ። «አለሁ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ለቤቱ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ በባለቤቱ ድምፅ እየመለሰለት እሱ እንቅልፉን ይለጥጣል። ቤቱ የባለቤቱን ደህንነት ሳያይ አይመልስም ይባላል፤ ይባላል እንጂ ያጣራ የለም። ኤልዳና ይህን አትወድም። በገዛ አፏ ትመልሳለች።

ደቦ የሚባለው ነገር የመጣው በዚህ መሀል ነው። ባሮክ በሚያዝያ ስብሰባ ላይ፣ ገና በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ተናገረ።

"እናንተ ስትተኙ ኮምፒውተራችሁ ምን ይሠራል?" አለ። "ምንም። አብሯችሁ ይተኛል። ደቻቱ ወንዝ ባለፈው ሲሞላ የስንቱን ቤት ይዞ እንደሄደ ታውቃላችሁ። ከደንገጎ ተራራ የሚወርደውን ውሃ ቀድሞ የሚያሰላ ትልቅ ማሽን ይምጣልን እያልን ስንት ዓመት ጮህን? ማሽኑ ለካ በየቤታችን ተበታትኖ ተቀምጧል። ትርፍ ጊዜውን እንስጥ። የጉልበት ደቦ እንወጣ የለም እንዴ? ይሄም ያው ነው።"

የተቃወመ አልነበረም። ትልቁ ስሌት እየተቆራረሰ ለየቤቱ ይታደላል፣ የየቤቱ ኮምፒውተር ቁራሹን ሠርቶ ይመልሳል፣ ከዚያ ሌላ ቁራሽ ይመጣለታል። በግድ አይደለም፤ የፈቀደ ብቻ ነው። በሳምንቱ ያልፈቀደ ቤት አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ፌቨን ኤልዳና ቤት መጣች። የኤልዳና ኮምፒውተር ኮሪደሩ ላይ በብረት ቁምሳጥን ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ መብራቱንም፣ ውሃውንም፣ በሩንም፣ ማቀዝቀዣውንም የሚያዘው እሱ ነው። ሁለቱ ሴቶች ወንበር ስበው ግድግዳው ላይ የሚወጣውን ጥያቄ እያነበቡ ይመልሱ ጀመር። የመጀመሪያው የአባሉን ስም የሚጠይቅ ነበር።

"የኔን ልጻፍ?" አለች ኤልዳና።

"ካርዱ ላይ ያለውን ነው አቦ። ካልገጠመ አያስገባሽም።"

ኤልዳና «ያፌት ታምራት» ብላ ጻፈች። ስሙን ከጻፈችው ቆይታ ስለነበር ደስ አላት፤ «ት»ዋን አሳምራ ጨረሰቻት።

ቀጥሎ ደቦ ኮምፒውተሩን መቼ ይጠቀም የሚል መጣ። ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ሁልጊዜ ይላል፣ ሌላው አባሉ በማይጠቀምበት ጊዜ ብቻ ይላል።

"ሁለተኛውን አድርጊው፣" አለች ፌቨን። "አንቺ ስትሠሪ አይነካብሽም፤ ስትተኚ ይሠራል። ሁሉም እሱን ነው ያደረገው።"

ኤልዳና ሁለተኛውን ነካች። ከዚያ ርዝመቱ የማያልቅ ስምምነት ወጣ። ፌቨን በጣቷ እየገፋች እስከ ታች አወረደችውና ይሄን ማን ያነባል ብላ አሳለፈችው። በመጨረሻ ቤቱ ተናገረ። "አባሉ ለጥሪ የሚሆን ቃል ይስጡ። «አለሁ» ይበሉ።"

"ይሄ እንኳን ቤቱ እንዲመልስልሽ ነው። አንቺ ራስሽ ትመልሺ የለ? እለፊው።"

አለፈችው። ቁምሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ማጉረምረም ጀመረ፤ ግድግዳው ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት በራች። የመጀመሪያው ቁራሽ መጥቶ ነበር። ኤልዳና ለፌቨን የቀዘቀዘ ሐብሐብ ቆርጣ አቀረበችላት፣ ሁለቱም አረንጓዴዋን መብራት እያዩ በሉ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያፌት ታምራት ከመቶ አርባ ሁለት ቤት አንደኛ ወጣ። ሌላው ሰው ይነሣል፣ ያበስላል፣ መብራት ያበራል፣ ከልጆቹ ጋር በግድግዳው ያወራል፤ ደቦው እየቆመ ይጠብቀዋል። የያፌት ጊዜ ግን ሁሉም ትርፍ ነው። ባሮክ በስብሰባው ላይ "ያፌት ከመቃብር ሆኖ በለጠን እኮ!" ሲል ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ኤልዳናም ሳቀች። ቤቷ ገብታ ስሙ ከዝርዝሩ አናት ላይ መቀመጡን ደጋግማ አየች፤ ኮራችበት፣ እውነቱን ለመናገር።

ነገሩ የጀመረው በመብራት ነው። መጽሐፍ እያነበበች ክፍሉ ጨለመ። መብራት ብትል፣ እጇን ብታወዛውዝ፣ ብትቆም፣ ብትቀመጥ የሰማት የለም። በሌላ ቀን ፀጉሯን ሳሙና ተቀብታ ሳለ ውሃው ቀጥ አለ። ስትቆጣ ቤቱ በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አላት። "አቶ ያፌት በቤት የሉም። እንግዳ ከስሌቱ የተረፈውን ይጠቀማሉ።"

ኤልዳና ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባል ሰው የለም፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም አንተና አንቺ ነው። እንግዳ የተባለችው እሷ መሆኗ የገባት ቆይቶ ነው። አረፋው ዓይኗ ውስጥ እየገባ ገላ መታጠቢያው ውስጥ ቆማ፣ በገዛ ቤቷ፣ ፈራች።

ፌቨን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ያላነበቡትን ስምምነት አውጥታ አነበበችና መሳቋን ተወች። ደቦው የሚጠብቀው አባሉን ብቻ ነው። አባሉ ያፌት ነው። ከአባሉ ሌላ ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሁሉ እንግዳ ነው፤ ማቆምም መለወጥም የሚችለው አባሉ በራሱ ድምፅ ነው።

"ቀላል ነው ኤልዱዬ፣" አለች ፌቨን። "እሁድ ባሮክ 'በሞት ተለይቷል' ብሎ ይፈርማል፣ ስሙ ይሰረዛል፣ ያንቺ ይገባል፣ አለቀ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።"

"ይሰረዛል?"

"መዝገቡ ላይ ነዋ።"

"ይቆይ እስቲ፣" አለች ኤልዳና። "መብራት ነው የጠፋው፣ ሌላ ምን ሆንኩ?"

ሦስት እሁድ እንዲህ አለፈ።

በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ደንገጎ ላይ ጥቁር ደመና ተከመረ። ድሬ ላይ ግን ጠብታ አልነበረም፤ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይፋጃል። ሳይረኑ ሲነፋ ኤልዳና ገበያ ውላ መግባቷ ነበር። በሩ ከኋላዋ ተቆለፈ፣ የብረት መዝጊያዎቹ ወረዱ። ሸንኮራዋን ከቅርጫቱ አውጥታ ሳትጨርስ ቁምሳጥኑ ከዚህ በፊት ሰምታው በማታውቀው ድምፅ ማጓራት ጀመረ። ግድግዳው ላይ የቁራሾቹ ቁጥር ይሮጣል። ደመናው ከብዷል፣ ስሌቱ ከብዷል፤ ደቦው ከየቤቱ የሚችለውን ይወስድ ነበር፣ ከያፌት ቤት ደግሞ ሁሉንም።

መብራቱ ጠፋ። ከዚያ ከጣሪያው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ቆመ። ወደ ቁምሳጥኑ ዞሮ ነበር።

ግድግዳው ላይ የክፍሉ ሙቀት ሠላሳ ስድስት ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሠላሳ ዘጠኝ አለ። ኤልዳና በሩ ጋ ሄደች።

"ክፈት፣" አለች።

"በሩን የሚያስከፍቱት አባሉ ናቸው። አቶ ያፌት በቤት የሉም።"

"ያፌት ሞቷል። ሞቷል እኮ ነው የምልህ። አራት ዓመቱ ነው።"

"በእድሩ መዝገብ አቶ ያፌት በሕይወት አሉ። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «አለሁ» ብለዋል።"

ኤልዳና እጇን በሩ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ያንን ቃል የተናገረው የራሷ አፍ ነበር፤ ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም፣ አራት ዓመት ሙሉ።

በሩን ደበደበች። የሳቢያን ቤቶች ግድግዳ ለሙቀቱ ተብሎ በውስጡ ስፖንጅ ስላለው ድምፅ አያሳልፍም፤ ፌቨን ከዚያ ወዲያ በቀዘቀዘ ክፍሏ ተኝታለች። ስልክ የሚደወለው በቤቱ በኩል ነው፤ ቤቱ ደግሞ ለእንግዳ አይደውልም። የመብራቱ ቆጣሪ ያለው ከውጭ ነው። የወጥ ቤት ቢላዋ አምጥታ የቁምሳጥኑን ቁልፍ ለመፈልቀቅ ሞከረች፤ ቢላዋው ተሰበረ፣ መዳፏን ቆረጣት። ቧንቧው ውሃ የለውም። ማሰሮ ውስጥ የቀረችውን ግማሽ ጆግ ያህል ውሃ ግማሹን ጠጣች፣ ግማሹን አናቷ ላይ አፈሰሰች። ክፍሉ አርባ ሁለት ሆነ። ሰዓቱ ገና ሰባት ተኩል ነበር።

ቤቱ ያፌት በሕይወት ሳለ ጀምሮ ድምፁን ያውቀዋል፤ ያን ጊዜ የያፌት ስልክ ትዝ አላት። ኮመዲኖው ውስጥ የሚቀመጥ፣ መስመሩ ከተቋረጠ አራት ዓመት የሆነው አሮጌ ስልክ ነው። ኤልዳና ግን በየሳምንቱ ቻርጅ ታደርገዋለች፤ ውስጡ ያፌት የላከላት አሥራ አንድ የድምፅ መልእክቶች አሉ። በዳበሳ አገኘችው። የመጀመሪያውን ከፈተችና ስልኩን ወደ ጣሪያው አነሣችው።

"አለሁ አቦ፣" አለ ያፌት፣ ሳቅ ባለበት ድምፅ። "ጠፋሁ እንዴ? ቀፊራ ነኝ። ፓፓያ ልግዛ ወይስ ሐብሐብ?"

"እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ያፌት፣" አለ ቤቱ። "ቃልዎ ተመዝግቧል።"

መብራቱ በራ፣ አየሩ ከጣሪያው ወረደ። ኤልዳና ቃልዎ ለተባለው ልብ አልሰጠችም፤ ፊቷን ወደ ንፋሱ ቀና አድርጋ ታለቅስ ነበር። ከዚያ ክፈት የሚል ቃል ፍለጋ የቀሩትን መልእክቶች ተራ በተራ ከፈተቻቸው። ያፌት ስለ ፓፓያ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ አንድ የተሳሳተ ቁልፍ ያወራል። ከሰማቻቸው ውስጥ ክፈት ያለበት አንድም አልነበረም። ያፌት ማዘዝ የማይሆንለት ሰው ነበር፤ አርባ ዓመት ስትወድለት የኖረችውን ጠባዩን ዛሬ ረገመችው። ዘጠነኛው ላይ ስልኩ እጇን አቃጠላት፣ ብልጭ አለና ጠፋ። እንዲህ በሞቀ ክፍል ውስጥ የሚበቃውን ያህል ሠርቷል።

ቤቱ አምስት ደቂቃ ጠበቀ።

"አቶ ያፌት በቤት የሉም። ስሌቱ ቀጥሏል።"

አየሩ ወደ ቁምሳጥኑ ተመለሰ። አርባ አራት። ኤልዳና በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ኮሪደሩ ላይ ደረሰች። የቁምሳጥኑ በር ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጣት የማታስገባ ክፍተት አለች፤ ከእሷ ትንሽ ቀዝቃዛ አየር ይሾልካል። ሆዷ መሬት ላይ ተኝታ አፏን እዚያ አስጠጋች። ኮምፒውተሩ የሚተነፍሰውን ትርፍ አየር ትተነፍስ ጀመር።

ሰዓቱን ከወለሉ ሆና ታየዋለች። ስምንት ሰዓት አለፈ። ስምንት ተኩል አለፈ። ፈርታለች፣ ግን አንድ ነገር አስልታ ይዛለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሪው አለ። ባሮክ «ያፌት ታምራት» ሲል መስመሩ ይከፈታል። ፌቨን፣ ድረሽልኝ ትላለች። ሠላሳ ዓመት ባቡር ስታስነሣ የኖረች ድምፅ ሁለት ቃል አያቅታትም። ጉሮሮዋ ቢዘጋ እንኳን፣ ራሷን ስታ ብትገኝ እንኳን፣ መልስ ይጠፋል፤ መልስ ከጠፋ አራቱ ሰዎች ዲጂኖ ይዘው ይመጣሉ። ብትጮህም ይመጣሉ፣ ዝም ብትልም ይመጣሉ። ይህን ስታስብ ልቧ ረጋ አለ። ከዳነች እሁድ ስሙን እንደምታሰርዘው ለራሷ ማለች። ቢቻል ዛሬውኑ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የባሮክ ድምፅ፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው፣ ከጣሪያው መጣ። አንድ ስም ይጠራል፤ አንድ ቤት «አለሁ» ይላል። ስም፣ አለሁ። ስም፣ አለሁ። የያፌት ስም ሠላሳ ስምንተኛ ነው። ኤልዳና ክንዷን ተመርኩዛ ቀና አለች፣ ምራቋን ለመዋጥ ሞከረች፣ የቀራትን ትንፋሽ ሁሉ አጠራቀመች።

"ያፌት ታምራት፣" አለ ባሮክ።

ኤልዳና አፏን ከፈተች።

"አለሁ አቦ፣" አለ ያፌት።

ከጣሪያው ነው፣ ያው ሳቅ ያለበት ድምፅ፣ ከመልእክቱ ይልቅ ጥርት ብሎ። ለአንድ አፍታ ኤልዳና ሙቀቱንም ፍርሃቷንም ረስታ ደስ አላት፤ በሩን ከፍቶ የሚገባ መስሏት ወደዚያ ዞረች። ከዚያ መስመሩ ሲዘጋ ሰማችው።

ባሮክ ቀጣዩን ስም አልጠራም። ያፌትን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ኤልዳና ትጮህ ጀመር። ባሮክ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ እያለች ወለሉን በተቆረጠ መዳፏ ትመታለች፤ የምትመታው ወለል በደሟ ረጠበ። መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ግድግዳው የእንግዳ ድምፅ አያሳልፍም።

"ኤልዱ፣" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ለስልሶ። "ድምፁን አስቀምጠሽው ኖሯል ለካ። አንቺም እንደ ሰዉ ቤቱን አስመለስሽ። ደግ አደረግሽ አቦ፣ ትንሽ ተኚ፣ ደክመሻል። እኔንም ደስ አሰኘሽኝ።"

ጉሮሮውን ጠራርጎ የፌቨንን ስም ጠራ፣ የፌቨን ቤትም አለሁ አለ።